«የዶክተሯ እናት»

የአንባቢ ደብዳቤ

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስሜ እንዳይወጣብኝ እለምንዎታለሁ። የ21 ዓመት ልጅ ነኝ፤ ከአዳማ ርቆ በሚገኝ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። አባቴ በልጅነቴ ስለ ሞተ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ያሳደገችን እናቴ ናት፤ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች በማስረከብ።

የ12ኛ ክፍል ፈተና የወሰድኩት በ2015 ዓ.ም. ነው። በሀገር ደረጃ ከመቶ ተፈታኝ ሦስት ያህሉ ብቻ ያለፉበት ዓመት ስለ ነበር፣ ማለፌ ሲሰማ ሠፈራችን የሠርግ ቤት መሰለ። እናቴ የሴቶች ዕድር ላይ «ልጄ ዶክተር ልትሆን ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «የዶክተሯ እናት» ነው የምትባለው።

የመጀመሪያውን ዓመት ጨርሰን በውጤታችን ትምህርት ክፍል ስንመደብ ሕክምና በጥቂት ነጥብ አመለጠኝ። ሕብረተሰብ ጤና ደረሰኝ። ዕለቱን ደውዬ «እማዬ፣ ጤና ደረሰኝ» አልኳት። «ተመስገን! ዶክተር ሆንሽልኝ!» ብላ እልልታውን አቀለጠችው። አላረምኳትም። ይኸው ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው። ነጭ ጋውን ለብሼ የተነሣሁት ፎቶግራፍ በመስታወት ተደርጎ ቡፌው ላይ ተቀምጧል።

ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ግን ሌላ ነው። ባለፈው ክረምት ለዕረፍት ቤት ሳለሁ፣ ግድግዳ የምንጋራቸው ጎረቤታችን ወደ ጓዳ ጠሩኝና ጡታቸው ላይ ያለ ጠጠር የመሰለ እብጠት አስዳሰሱኝ። «አያመኝም፤ ግን አልጠፋ አለኝ። ዶክተር፣ ምን ትያለሽ?» አሉ። ጆሮዬ ጭው አለ። «አላውቅም» ብል ውሸቴ እዚያው ጓዳ ውስጥ የሚናድ መሰለኝ። «ካላመመዎት ምንም አይደለም፣ እትዬ» አልኳቸው። ግንባሬን ሳሙኝ። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

እውነቱን የምታውቀው አክስቴ ብቻ ናት። ኩዌት በሰው ቤት መሥራት ከጀመረች ዘጠኝ ዓመቷ ነው። «ተዪውና የግል ኮሌጅ ገብተሽ ሕክምና ተማሪ። እኔ እከፍልልሻለሁ። ማንም ሳይሰማ ውሸቱ እውነት ይሆናል» ትለኛለች።

እናቴ ዶክተር ዶክተር የምትልበትን ምክንያት አውቃለሁ። ከእኔ በፊት የወለደችው ልጅ በ1993 ዓ.ም.፣ ገጠር ሳሉ፣ በተቅማጥ ሞቶባታል። «ዶክተር ቢኖር ኖሮ» ትላለች እስከ ዛሬ። አክስቴ እንደ ነገረችኝ ደግሞ ሆዱ እንዲደርቅ ብለው ውኃ ከልክለውት ነበር። ስለ ሕፃናት ተቅማጥ የተማርን ዕለት ክፍሉን ጥዬ ወጣሁ።

ትምህርቱን እጠላዋለሁ ማለቴ አይደለም። አምና ለተግባር ልምምድ አንድ ገጠር ቀበሌ ሄደን ነበር። ፖስተር ዘርግቼ ስለ እጅ መታጠብ ሳስተምር አንዲት አሮጊት «ልጄ፣ ሳሙናውስ ይሁን፤ ውኃው ከየት ይምጣ?» አሉኝ። ምንጩ የአንድ ሰዓት መንገድ ነው። አፍሬ ፖስተሩን ጠቀለልኩ። ማታ ከጓደኞቼ ጋር ባለ አምስት ሊትር የዘይት ጀሪካን ከሥሩ በጋለ ምስማር በሳንና ውኃ ሞልተን መጸዳጃ ቤቱ አጠገብ ሰቀልነው። ክዳኑ ሲጠብቅ ውኃው ይቆማል፤ ሲላላ እንደ ክር ቀጥኖ ይወርዳል። በማግስቱ አንድ ትንሽ ልጅ ክዳኑን እያላላና እያጠበቀ አሥር ጊዜ ያህል እጁን ሲታጠብ አገኘሁት። አሮጊቷም መጥተው አዩና «እንዲህ ከሆነስ አንድ ጣሳ ውኃ ቤቱን ሁሉ ያዳርሳል» አሉ። ያን ቀን በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ይህንን ለእናቴ እንዴት ብዬ ነው የምነግራት? ዶክተር ጀሪካን ይበሳል?

ባለፈው ሳምንት ስደውል «የምትመረቂው መቼ ነው?» አለችኝ። «ገና ነው» ስላት «እሺ፣ አንቺ ካልሽ» ብላ ዝም አለች። ምን ላድርግ? ልንገራት? ወይስ አክስቴን ልስማ?

ዶክተር ያልሆንኩት

መልስ

ልጄ፣

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ማክሰኞ ነው። ዓምዱ እስኪታተም መጠበቅ ስላልሆነልኝ፣ በዚያው ምሽት ከግርጌው በጻፍሽው ስልክ ስለ ጎረቤትሽ ብቻ አጭር መልእክት ላክሁልሽ። «እሺ፣ ነገ እደውላለሁ» ብለሽ መለስሽ። እዚህም ከዚያው እጀምራለሁ። ስለ እናትሽና ስለ አክስትሽ የምንነጋገረው ሌላ አንድ ወር ቢቆይ የሚበላሽ ነገር የለም፤ ይሄኛው ግን ከክረምት ጀምሮ ቆይቷል።

ስትደውዪ ረጅም ነገር አታዘጋጂ። «እትዬ፣ ያን ዕለት ምንም አይደለም ያልኩዎት ሳላውቅ ነው፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እንዲህ ያለውን እብጠት በእጅ ዳስሶ ደግ ነው ክፉ ነው የሚል ሰው የለም፤ ሆስፒታል መታየት አለበት» በዪያቸው። በአልትራሳውንድ ታይቶ፣ ካስፈለገም ናሙና ተወስዶ ነው የሚለየው። ጡት ላይ ከሚወጣው እብጠት አብዛኛው ካንሰር እንዳልሆነም አብረሽ ንገሪያቸው፤ ፍርሃት እግር ያስራልና። ነገር ግን አለማመሙ ማጽናኛ አይደለም። የጡት ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም። በሀገራችን ሴቶች ላይ በብዛት የሚገኘው ካንሰር እሱ ነው፤ ብዙዎቹ ሆስፒታል የሚደርሱት ከገፋ በኋላ ነው፤ ያዘገያቸውን ስትጠይቂያቸው «አላመመኝማ» ይሉሻል።

ስልኩን ከመዝጋትሽ በፊት ደግሞ ቀኑንና አብሯቸው የሚሄደውን ሰው ጠይቂ። «እሄዳለሁ» የሚል ሰው እና «ሐሙስ ጠዋት ከልጄ ጋር እሄዳለሁ» የሚል ሰው አንድ አይደሉም። የጤና መድን ካላቸው መታወቂያውን ይዘው ከጤና ጣቢያው ይጀምሩ፤ ከዚያ ወደ ሆስፒታል ይጽፉላቸዋል።

በዚህ ነገር ራስሽን ስትገርፊ እንድትኖሪ አልፈልግም። «ምንም አይደለም» የምትለዋን ቃል የእውነት ዶክተሮችም፣ ሰልፉ ሲረዝምባቸው፣ ይሏታል። አንቺን ቢያንስ እንቅልፍ ነሥታሻለች።

አሁን ወደ ቤታችሁ እንግባ። ያን ዕለት «ጤና ደረሰኝ» ማለትሽ ውሸት አልነበረም። እልል የምትልን እናት አቋርጦ «ቆይ፣ እንዲያ አይደለም» ለማለት የሚጠይቀውን ጉልበት አውቀዋለሁ፤ እኔም በ19 ዓመቴ አልነበረኝም። ነገር ግን ይህ ዝምታ ቀን የተቆረጠለት ነው። የሕክምና ተማሪዎች ገና ከዋርድ ዋርድ ሲዞሩ አንቺ የምረቃ ቆብ ደፍተሽ ትወጫለሽ። ከዚያ በፊት ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ተመራቂ ሁሉ የሚቀመጥለት የመውጫ ፈተና አለ፤ ከዚያም የሙያ ፈቃድ። ይህን ሁሉ አንድ ሰው ሆኖ መወጣት ራሱ ከባድ ነው። አንቺ ሁለት ሆነሽ ነው የምትማሪው።

ደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ነገር ቅር አሰኘኝ። የትምህርት ክፍልሽን ስም የጻፍሽው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱንም «ደረሰኝ» ብለሽ፣ እንደ ቀበሌ ቤት ዕጣ። ስለዚህ ሙያ አመጣጥ ማን አጫውቶሽ ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያ ላይ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈጀ። በዓመቱ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ፤ ጤና መኮንኖችን (አንቺም ስትመረቂ የምትባዪው ይኸው ነው)፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን፣ ማለትም የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችን፣ አንድ ላይ እያሠለጠነ በቡድን ወደ ጤና ጣቢያዎች ይልክ ጀመር። አዲስ አበባ ላይ የሕክምና ፋኩልቲ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። ልዩነቱን ቀንሰሽ እዪው፤ ለአሥር ዓመት ያህል፣ በዚህች ሀገር ተምሮ በበቅሎም በእግርም ገጠር የሚወርደው ሐኪም ቢባል ጤና መኮንኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1983 ደግሞ ጅማ ላይ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ሲቋቋም ተማሪው በሽተኛ እስኪመጣለት እንዳይጠብቅ፣ ከመጀመሪያው መንደር ውስጥ ገብቶ እንዲማር ተደረገ። አንቺን ጀሪካን ያስበሳሽ ልምምድ የዚያ ዘር ነው።

ይህን የምነግርሽ ሕክምናን ላሳንስብሽ አይደለም፤ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ሥራውም አልጋ በአልጋ አይደለም። ተመርቀው ዓመት ሙሉ የቅጥር ማስታወቂያ የሚያነብቡ ጤና መኮንኖች አውቃለሁ። ከሐኪም እስከ ነርስ ያሉ የጤና ባለሙያዎችም ግንቦት 2017 ዓ.ም. ላይ የደመወዝ ጥያቄያቸው ሥራ እስከ ማቆም አድርሷቸው ነበር። ቡፌው ላይ ያለው ፎቶግራፍ ስለዚህ ምንም አይናገርም። በሌላ በኩል ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጤና መኮንኖች በሦስት ዓመት የማስተርስ ትምህርት የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ሲሠለጥኑ ቆይተዋል፤ ከከተማ በራቁ ሆስፒታሎች ምጥ የጠናባትን እናት በቀዶ ሕክምና ከሚያዋልዱት ብዙዎቹ እነሱ ናቸው። መንገዱ አንቺ የቆምሽበት ላይ አያበቃም ለማለት ነው።

አክስትሽ ስለምትለው ነገር አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። እናትሽ ዛሬ ማታ እውነቱን ብትሰማና ደስ ቢላት፣ ነገ ጠዋት የግል ኮሌጁን ትፈልጊዋለሽ? መልሱን ለእኔ አትላኪልኝ፤ ሻንጣሽ ላይ ተቀምጠሽ ለራስሽ መልሺ።

«አዎ» ካልሽ፣ ሕክምናን የምር ትፈልጊያለሽ ማለት ነውና ክብር ይገባዋል። እንዲያም ሆኖ የአክስትሽ ሒሳብ አይሠራም። ሌላ ከተማ ሄደሽ ከሥር ስትጀምሪ እናትሽ ለምን ቦታ ቀየርሽ አትልሽም? እኩዮችሽ ተመርቀው ሲወጡ አንቺ ገና መሐል ላይ ስትሆኚስ? ውሸቱ እውነት አይሆንም፤ ሌላ ውሸት ይወልድና የልጁን ቀለብ አክስትሽ ትከፍላለች። ለመሆኑ ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት ያጠራቀመችው ገንዘብ ለምን ነበር? ለቤት መሥሪያ ነው? ለመመለሻዋ ነው? ጠይቀሻት ታውቂያለሽ? በፍቅር የምትሰጥ ሴት ይህን ሳትጠየቅ አትናገርም። ምናልባት የምትሰጥሽ ወደ ሀገሯ የምትመለስበትን ዓመት ነው።

ይህን ሁሉ አውቀሽ አሁንም ሕክምና የሚያሰኝሽ ከሆነ፣ አንዲት ብር ሳይከፈል የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ዘንድ ጠይቂ፤ ኮሌጁ ፈቃድ ያለው መሆኑ ብቻ አይበቃም፣ ለሕክምና ትምህርት፣ አንቺ በምትማሪበት በዚያው ካምፓስ የተሰጠ መሆን አለበት። የዩኒቨርሲቲሽን ሬጅስትራርም ስለ ፈረምሽው የወጪ መጋራት ውል ጠይቂው፤ አቋርጠሽ ብትወጪም እስከ ዛሬ የተማርሽበት ዕዳ ይከተልሻል። ሦስተኛም መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን እየተቀበለ ሐኪም የሚያደርግ ሥልጠና ተጀምሮ ብዙዎች ተመርቀውበታል፤ ዘንድሮ የትኛው ተቋም እንደሚቀበል ጠይቀሽ አቆዪው። የያዝሽውን ጨርሰሽ፣ የራስሽን ደመወዝ ይዘሽ፣ በ24 ዓመትሽ ብትጀምሪ አልረፈደም።

እንደኔ እንደኔ ግን ልብሽ ሌላ ቦታ ነው። ደብዳቤሽን ደግመሽ አንብቢው። ስለ ፎቶግራፉ፣ ስለ ኮሌጁ፣ ስለ ነጥቡ ስትጽፊ እጅሽ ከብዷል። ጀሪካኑ ላይ ስትደርሺ ምስማሩ ጋለ፣ ክዳኑ ላላ፣ ልጁ አሥር ጊዜ ታጠበ። ማንም ያንን እንድትጽፊ አልጠየቀሽም ነበር።

የወንድምሽን ነገር ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እናትሽ «ዶክተር ቢኖር ኖሮ» ትላለች። አንቺ ደግሞ ክፍሉን ጥለሽ የወጣሽው ታዳምጪው የነበረው ትምህርት ሌላ ስለ ነገረሽ ነው። ተቅማጥ የያዘውን ሕፃን የሚገድለው ውኃውና ጨው ከሰውነቱ ማለቁ ነው፤ የሚያተርፈውም ብዙ ጊዜ አንድ ከረጢት ኦአርኤስ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ተበጥብጦ ቶሎ ቶሎ መጠጣቱ፣ ጡትም አለመቋረጡ ነው። ከዚያ ሁሉ በፊት ደግሞ «ውኃ እንዳትከለክሉት» የሚል ሰው ቀድሞ እዚያ ቤት መግባት ነበረበት። ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶችን የመደበው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር የተጀመረው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ ለወንድምሽ ሁለት ዓመት ዘገየ። እሱ ብቻውን አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሀገራችን ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ጥናት 67 ሆነዋል። ክትባቱ፣ ምግቡ፣ ጤና ጣቢያው ሁሉም ድርሻ አለው፤ በር እያንኳኩ «አትከልክሉት» ያሉትም ድርሻቸው ትንሽ አይደለም።

ይህንን ግን ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። ሙያሽን ለማስከበር ብለሽ የሞተ ልጇን ማስረጃ አታድርጊባት። «ውኃ ስለ ከለከላችሁት ነው» የሚል ዕውቀት ከሃያ አምስት ዓመት በኋላ መጥቶ ማንንም አያድንም። አንድ ቀን ራሷ ከጠየቀችሽ «ያን ጊዜ የነገራችሁ ሰው አልነበረም» በያት። ይህም እውነት ነው፤ ሙሉ እውነት።

እንዴት እንደምትነግሪያት ከማለቴ በፊት የራሴን ላጫውትሽ። እኔም የጤና ትምህርት ተምሬ ነው የወጣሁት። በመጀመሪያው ዓመቴ አንድ ጤና ጣቢያ ግቢ፣ ዋርካ ሥር፣ እናቶችን ሰብስቤ ስለ እንገር አስተማርኩ፤ ቢጫው የመጀመሪያ ወተት እንዳይጣል፣ ለሕፃኑ እንደ መጀመሪያ ክትባት መሆኑን። ምን የመሰለ ትምህርት! ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። በሳምንቱ ከፊት ተቀምጣ ትሰማኝ ወደ ነበረችው ሴት ቤት ለአራስ ጥየቃ ስሄድ፣ አማቷ እንገሩን አሳልበው ደፍተው ሕፃኑን ቅቤ እያላሱት ነው። ተናደድኩ። ደግነቱ የተናደድኩበትን ትቼ «እማማ፣ ለምን ደፉት?» አልኳቸው። «ዘጠኝ ወር የተቀመጠ ወተት ለልጅ ይሰጣል እንዴ?» አሉኝ። ለእሳቸው የቆየ ወተት ነበር፤ የቆየ ወተት ደግሞ ማንም ጤነኛ ሰው ይደፋል። ትንሽ ቆይቼ «የላሟንስ እንገር ጥጃው አይጠባም?» ብላቸው «ጥጃውማ ካልጠባው መቼ ይቆማል!» አሉ፤ ከዚያ ዝም አሉ። ምራታቸውን አዩአት። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ሕፃኑን አንሥተው ሰጧት።

ዋርካው ሥር የተናገርኩት ሁሉ ትክክል ነበር፤ የማይገባው ቦታ፣ ለማትወስነው ሰው፣ ሳልጠይቅ ነበር የተናገርኩት። አንቺም እናትሽ ዘንድ ስትሄጂ ንግግር ይዘሽ አትሂጂ።

በስልክ አይሆንም፤ አክስትሽንም አታማልጂያት። የመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ሲደርስ ሂጂ። ቡና ላይ አታንሺው፣ እዚያ ምስክር ይበዛል። እናትሽ ንጋት ላይ ምጣድ ጥዳ ብቻዋን ስትሆን አጠገቧ ተቀመጪ። እጁ ሥራ የያዘ ሰው ክፉ ወሬን የሚሰማበት ትዕግሥት አለው፤ ፊትሽንም ማየት አይጠበቅባትም። በመጀመሪያ ጠይቂያት፤ «እማዬ፣ ዶክተር ስሆንልሽ ምን እንዳደርግ ነው የምትፈልጊው?» መልሷን እስከ መጨረሻው ስሚ፤ ወንድምሽን ታነሣ ይሆናል። ከዚያ አሳጥረሽ ንገሪያት። «የምማረው ሕክምና አይደለም፤ ሕብረተሰብ ጤና ነው። ስመረቅ ጤና መኮንን እባላለሁ። ያን ቀን እልል ስትዪ ማቋረጥ አቃተኝ፤ ከዚያ ወዲህ ፈርቼ ነው።» «ግን እኮ» የሚል ቃል አትጨምሪበት። የጎንደሩንም የጅማውንም ታሪክ ለሌላ ቀን አቆዪው፤ እሱ ለአንቺ ነው እንጂ ለዚያች ጠዋት አይደለም።

ልትቆጣ ትችላለች። ከቁጣዋ ዝምታዋ ሊብስብሽ ይችላል፤ ሁለት ቀን ሙሉ ሳታናግርሽ እንጀራዋን ትጋግር ይሆናል። አንቺም ተነሥተሽ አትሂጂ፤ ሊጡን አቡኪላት፣ ሰፌዱን አቀብያት። ስትረጋጋ ከጓዳ ባዶ የዘይት ጀሪካን ፈልጊና ምስማር አግለሽ ከፊቷ ብሺው። የአሮጊቷን ነገር በቃላቸው ንገሪያት። ዶክተር ጀሪካን ይበሳል ወይ ብለሽ ነበር፤ እስቲ እናትሽን ጠይቂያት። ቀኑን ሙሉ ሊጥ በእጇ እያለ ቧንቧ ለመክፈት የምትቸገር ሴት ምን እንደምትል ለማወቅ እኔም ጓጉቻለሁ።

ዕድሩን ለእሷ ተዪላት። መቼ፣ ለማን፣ በምን ቃል እንደምትናገር መምረጥ የእሷ ነው፤ የተናገረችው እሷ፣ ስሙም የእሷ ነውና። ፎቶግራፉም ካለበት አይነሣ፤ ጋውኑን የለበስሽው በሥራሽ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በይ። «እሺ፣ አንቺ ካልሽ» ብላሻለች። እናቶች ይህን መቼ እንደሚሉት አውቃለሁ፤ እኔም ለልጆቼ ብዬዋለሁ። ምናልባት እናትሽም ሁለት ዓመት ሙሉ ሳታርምሽ ኖራ ይሆናል።

ይህን የምጽፍልሽ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ማክሰኞ ማታ «ነገ እደውላለሁ» ብለሽኝ ነበር። ደወልሽላቸው?